ከብዙ ዓመት በኋላ እርሳስ ሲነሳ፦ ወደ ሥዕል ለመመለስ የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

መሳል ያቆምኩት በ12 ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ የደብተሬ ጠርዝ ሁሉ በሥዕል የተሞላ ነበር። አንድ ቀን የሳልኩትን ፈረስ አንድ ትልቅ ሰው ከፊቴ አነሳና ለክፍሉ ሁሉ እያሳየ «ይሄ ውሻ ነው ወይስ ፍየል?» አለ። ልጁ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ከጽሑፍ ውጪ ለሌላ ነገር እርሳስ አልያዝኩም።

ሥዕል ካቆሙ ብዙ ሰዎች ጋር አውርቻለሁ። አብዛኞቹ እንዲህ ያለች አንዲት ቀን አለቻቸው። የቀሩት ደግሞ ማንም ክፉ ሳይናገራቸው ቀስ በቀስ ነው የተዉት። ልጅ ዘጠኝ አስር ዓመት ሲሆነው የሳለው ነገር እውነተኛውን እንዲመስልለት ይፈልጋል። መንገዱን የሚያሳየው ካላገኘ «እኔ አልችልም» ብሎ ያስቀምጠዋል።

ስለዚህ ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንግባባ። የጠፋባችሁ ችሎታ አይደለም። እጃችሁ በተዋችሁበት ዕድሜ ላይ ቆሟል። ዓይናችሁ ግን አልቆመም። በእነዚህ ዓመታት ስንት ጥሩ ሥዕል፣ ስንት ፎቶ፣ ስንት ፊልም አይቷል። አሁን እርሳስ ስታነሱ የልጅ እጅ የሠራውን የአዋቂ ዓይን ይፈርድበታል። የመጀመሪያው ሥዕል የሚያሳፍረው ለዚህ ነው። ደግነቱ ከሁለቱ ለማግኘት የሚከብደው የሚለይ ዓይን ነው፤ እሱን ይዛችኋል። እጅ በልምምድ ይደርስበታል።

«በራሴ ስተማመን እጀምራለሁ» የምትሉ ከሆነ ግን ብዙ ትጠብቃላችሁ። መተማመኑ ከሠላሳ አርባ ገጽ በኋላ ነው የሚመጣው። ከታች ያለው መንገድ እነዚያን ገጾች እንዴት እንደምትሞሉ ነው።

1. ዕቃውን አሳንሱት

የሚያስፈልገው ሁለት እርሳስ፣ አንድ መቅረጫና አንድ ደብተር ነው። አንዱ እርሳስ ኤችቢ (HB)፣ ሌላው ፎርቢ (4B) ይሁን። የእርሳስ ውስጡ ግራፋይትና ሸክላ ተደባልቆ የተጋገረ ነው። ሸክላው ሲበዛ ይጠነክራል፣ መስመሩም ይቀጥናል፤ ኤች የሚባለው ወገን ይህ ነው። ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፤ ቢ የሚባለው ይህ ነው። ኤችቢ መሃል ላይ ነው። ፎርቢ ለጥላ ይሆናችኋል። አሥራ ሁለት እርሳስ ያለበት ሳጥን አሁን አያስፈልጋችሁም፤ የትኛውን ላንሳ እያላችሁ ጊዜው ያልቃል።

ደብተሩ መስመር የሌለው፣ የኤ4 ግማሽ የሚያህል ይሁን። ውድ ደብተር አትግዙ። ይህን ከልቤ ነው የምላችሁ። ወረቀቱ ሲያምርና ሲወፍር ሰው ይፈራዋል፤ ለሱ የሚመጥን ነገር ልሥራ ሲል ባዶውን ያስቀምጠዋል። ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት አጣጥፎ መስፋትም ይበቃል።

ላጲስ አልጠራሁም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አውቃችሁ አስቀምጡት። ላጲስ እጃችሁ አጠገብ ካለ ግማሹ ሰዓት በማጥፋት ያልቃል። መስመሩ ከተሳሳተ ትክክለኛውን ከጎኑ ሳሉ። የመጀመሪያውን ተዉት፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩ ስህተቱ የት እንደነበር ይታያችኋል።

ደብተሩን ስትከፍቱ የመጀመሪያውን ገጽ አበላሹት። እርሳስ ሞክሩበት፣ ጫር ጫር አድርጉ፣ ቀን ጻፉ። ከዚያ ንጹሕ ደብተር የሚባል ነገር ስለማይኖር ማስፈራቱ ይቀንሳል።

2. ጊዜውን ቁረጡ

በቀን 15 ደቂቃ። የወጥ ቤት ደወል ሙሉ፣ ሲጮህ አቁሙ። ደስ እያላችሁ ከሆነም አቁሙ፤ ነገ ለመመለስ ይጓጓል። ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። እርሳሱ ከላዩ ላይ ሆኖ ዘወትር የምትቀመጡበት ቦታ ይደር።

3. እጅ ማፍታታት

ሁለት ደቂቃ ብቻ። ሁለት ነጥብ አድርጉና በአንድ መስመር አገናኟቸው። መጀመሪያ እርሳሱ ወረቀቱን ሳይነካ መንገዱን ሁለት ሦስት ጊዜ በአየር ላይ ሂዱበት። ከዚያ ሳታመነቱ ሳቡት። አጭሩን መስመር በጣት ሳሉ፤ ረጅሙን ግን ከትከሻ። ብዙ ሰው የሚስለው ጽሑፍ በሚጽፍበት አያያዝ፣ አንጓውን ወረቀቱ ላይ ተክሎ ስለሆነ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆራረጣል። እርሳሱን ከጫፉ ራቅ አድርጋችሁ ያዙት፣ ክርናችሁን ከጠረጴዛው አንሱ። ልዩነቱ በዚያው ገጽ ላይ ይታያል።

4. ወረቀቱን ሳታዩ ሳሉ

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዙ ብባል ይህን እይዛለሁ።

የማትጽፉበትን እጅ ጠረጴዛው ላይ አሳርፉ። ጣቶቹ ትንሽ ይታጠፉ። እርሳሱን በወረቀቱ ላይ አድርጉና ዓይናችሁን ከእጃችሁ ሳትነቅሉ፣ ወረቀቱን ጨርሶ ሳታዩ ሳሉ። ማየት ካስቸገራችሁ አንድ ወረቀት በስታችሁ እርሳሱን በቀዳዳው አሳልፉት፤ እርሳሱን የያዘው እጅ ይሸፈናል።

ፍጥነቱ ነው ዋናው። ዓይናችሁ በእጃችሁ ዳር ላይ የምትሄድ ጉንዳን ናት በሉ። ጉንዳኗ ስትሄድ እርሳሱ ይሄዳል። ስትቆም ይቆማል። አውራ ጣት መገጣጠሚያ ላይ ስትደርሱ ቆዳው አንድ ወጥ እንዳልሆነ ታያላችሁ። ሦስት አራት ስንጥቅ አለ፣ አንዱ ከሌላው ይረዝማል፣ መሃሉ ጎበጥ ብሎ ይወጣል። ጥፍሩ ከሥጋው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ቀጥ ያለ አይደለም። ዕድሜ ልክ የያዛችሁት እጅ ነው፤ እንዲህ አይታችሁት ግን አታውቁም። ለአንድ እጅ አምስት ደቂቃ ስጡት። ቶሎ ካለቀ ጉንዳኗ ሮጣለች ማለት ነው።

ሲያልቅ ወረቀቱን እዩት። ጣቶቹ ተጠላልፈዋል፣ አንዱ ከመዳፉ ርቆ ሄዷል፣ ቅርጹ አይገጥምም። መሆን ያለበትም እንዲሁ ነው። ለእኔ የዚህ ልምምድ መድኃኒትነት እዚህ ላይ ነው። ሳያዩ የተሳለ ነገር እንዲመስል ማንም አይጠብቅም፤ ስለዚህ ዳኛው ሥራ ይፈታል። በዚያ ነፃነት ውስጥ ዓይን ማየት ይጀምራል። አሁን አንዷን ትንሽ ቦታ ፈልጉ፤ አንድ ጥፍር፣ አንድ የቆዳ እጥፋት። እሷ ብቻዋን ሕይወት አላት። ከምናብ ብትስሉ እንዲያ አድርጋችሁ አትስሏትም ነበር።

ለአንድ ሳምንት በየቀኑ አንድ አንድ። እጅ ሲሰለቻችሁ ጫማ፣ የተጨማደደ ጨርቅ፣ ቅጠል። በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቱን አልፎ አልፎ እንድታዩ ተፈቅዶላችኋል። ግን አብዛኛው ጊዜ ዓይናችሁ ነገሩ ላይ ይሁን። ወረቀት ላይ ተደፍቶ የሚስል ሰው የሚስለው የሚያውቀውን እንጂ የሚያየውን አይደለም።

5. ዕቃውን ትታችሁ ባዶውን ሳሉ

ወንበር ስታዩ አእምሯችሁ ቶሎ ብሎ «ወንበር፣ አራት እግር» ይላል። እኩል የሆኑ አራት እግሮች ትስላላችሁ። ዓይናችሁ ፊት ያለው ወንበር ግን አንዱ እግር ረዝሞ፣ አንዱ አጥሮ፣ አንዱ በከፊል ተሸፍኖ ነው። አእምሮ ይህን አያምንም፤ ያስተካክለዋል። ሥዕሉ የሚበላሸው በዚህ ማስተካከል ነው።

መላው ይኸውላችሁ። ወንበሩን አትሳሉ። በእግሮቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሳሉ። ያ ባዶ ቦታ ስም የለውም። ስም ስለሌለው አእምሮ የሚያውቀው ነገር የለም፣ ስለዚህ ጣልቃ አይገባም። አንዱ ክፍተት እንደ ጠባብ ሦስት ማዕዘን፣ ሌላው እንደ ዘመመ መስኮት ይታያችኋል። ክፍተቶቹን አንድ በአንድ ስትጨርሱ ወንበሩ ራሱ ወጥቶ ታገኙታላችሁ።

ያንን ፈረስ ከሃያ ዓመት በኋላ ከፎቶ ላይ እንደገና የሳልኩት በዚህ መንገድ ነው። በእግሮቹ መካከል ያለውን ሰማይና ሣር ብቻ ሳልኩ። ያኔ ያበላሸሁት የት ላይ እንደነበር አሁን ገባኝ። የኋላ እግሩን እንደ ሰው ጉልበት ወደፊት አጥፌው ነበር። የፈረስ የኋላ እግር መሃሉ ላይ ወደ ኋላ የሚታጠፈው መገጣጠሚያ ጉልበት አይደለም፤ ከእኛ ቁርጭምጭሚት ጋር የሚገጥመው ነው። ይህን በ12 ዓመቴ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ በአንድ ደቂቃ የሚታረም ነገር ነበር።

ሌላም ተመሳሳይ መላ አለ። በመስመር የተሠራ አንድ ሥዕል ምረጡ፣ ገልብጡት፣ እንደተገለበጠ ቅዱት። ፊት ወይም እጅ መሆኑን እርሱት። መስመሩ ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ተከተሉ። እስኪያልቅ ድረስ አታቅኑት።

6. ለኩ

መለካት ማጭበርበር የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ቪንሰንት ቫን ጎህ ሠዓሊ ለመሆን የወሰነው በ1880 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በ27 ዓመቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክር የተወጠረበት የእንጨት ፍሬም ይጠቀም ነበር። ፍሬሙን ከፊቱ ያቆምና በክሮቹ መካከል እያየ የነገሮቹን አቀማመጥ ይወስን ነበር። እናንተም ከካርቶን መሃሉን ቆርጣችሁ ሁለት ክር በመስቀል ብትወጥሩበት ያው ይሆናል።

ከዚያ የሚቀለው ግን እርሳስ ነው። አንድ ኩባያ ከፊታችሁ አስቀምጡ። ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉ፣ አንድ ዓይን ጨፍኑ። የእርሳሱ ጫፍ የኩባያው አንድ ዳር ላይ ይሁን፣ ሌላው ዳር የሚደርስበትን በአውራ ጣት ያዙ። የኩባያውን ስፋት አገኛችሁ። አሁን እርሳሱን አቁሙትና ያው ርዝመት በቁመቱ ስንት ጊዜ እንደሚገባ እዩ። አንድ ከሩብ ነው? አንድ ተኩል ነው? ክንዳችሁ ከታጠፈ ልኩ ይዛባል፤ ሁሌም ይዘርጋ።

ኩባያውን ስስል ለረጅም ጊዜ የምሳሳተው ሁለት ቦታ ነበር። ብዙ ሰውም እዚያው ይሳሳታል። አፉ ክብ መሆኑን ስለምናውቅ ከሚገባው በላይ ከፍተን እንስለዋለን። ከወንበር ላይ ሆናችሁ ስታዩት ግን ጠበብ ያለ ሞላላ ነው። ዓይናችሁ ከአፉ ጋር እኩል እስኪሆን ዝቅ በሉ፤ መስመር ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው ታችኛው ዳር ነው። ጠረጴዛው ጠፍጣፋ ስለሆነ የኩባያውን መቀመጫ በቀጥታ መስመር እንዘጋዋለን። እሱም ሞላላ ነው፤ እንዲያውም ከዓይናችሁ ይበልጥ ዝቅ ስላለ ከላይኛው ይልቅ ጎበጥ ማለት አለበት። የሞላላው ሁለት ዳሮችም እንደ ዓሣ ሹል አይሁኑ፣ ዞር ይበሉ። እነዚህን ብቻ አርሙና ኩባያው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ታዩታላችሁ።

7. ጥላ

ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩ። ዝርዝሩ ይጠፋል፤ ብርሃን፣ መካከለኛና ጨለማ የሆኑ ሦስት ትልልቅ ቦታዎች ብቻ ይቀራሉ። ብርሃኑ ወረቀቱ ራሱ ይሁን። መካከለኛውን በኤችቢ በስሱ ሸፍኑ። ጨለማውን በፎርቢ ደፍሩት። ጀማሪ ጨለማውን ስለሚፈራ ሥዕሉ ሁሉ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። የመብራት ምንጭ አንድ ብቻ ይሁን፤ ከሁለት ቦታ ሲመጣ ጥላው ይደበላለቅባችኋል። በጣት ማሸትን ለጊዜው ተዉት፣ ወረቀቱን ያቆሽሻል።

8. ውስጥ ያለው ድምፅ ሲናገር

ይናገራል። እኔ ዘንድ አሁንም ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ሥዕሉ ሲጋመስ ነው፤ ጥሩም መጥፎም የማይመስልበት ሰዓት አለ፣ ያኔ ይመጣል። «ይሄ አስቀያሚ ነው» ይላል። ዝም ለማሰኘት መታገል ሰልችቶኝ ነበር። የጠቀመኝ ጥያቄ መጠየቅ ነው። «የቱ ጋ?» በሉት። አስቀያሚ የሚለው ቃል በእርሳስ የሚታረም ነገር የለውም። «የኩባያው ጆሮ ወደ ላይ ወጥቷል» የሚለው ግን አለው። እርሳሱን አንስታችሁ ለክታችሁ፣ ጆሮው ከየት እንደሚጀምር አይታችሁ፣ ከጎኑ አዲስ መስመር ትስላላችሁ።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ሁለት ነገር ጻፉ። አንድ በትክክል ያያችሁት ነገር፤ አንድ ነገ የምትለኩት ነገር። «ቆንጆ»፣ «አስቀያሚ»፣ «ልጅ የሳለው» የሚሉ ቃላት አይፈቀዱም። ገጹን መቅደድም አይፈቀድም። የጠላችሁት ገጽ ላይ ቀን ጻፉና ገልጡ።

ከሌላ ሰው ሥራ ጋር ማወዳደር ሲመጣ ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። ስልክ ላይ የምታዩት ሥዕል ያለቀው ብቻ ነው። ከሱ በፊት የተጣለው ወረቀት ስንት እንደሆነ አያሳይም። መሳል ልትጀምሩ ስትሉ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ ለሰዓቱ የወጥ ቤት ደወል ይበቃል።

9. ለማን ይታይ?

የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ገጾች ለማንም አታሳዩ። የሚወዷችሁም ቢሆኑ። «ዋው፣ አሪፍ ነው!» የሚለውም ቢሆን ይጎዳል፤ ቀጣዩን ሥዕል ለዚያ «ዋው» መሥራት ትጀምራላችሁ። ፖስት ማድረጉም ይቆይ።

ስታሳዩ ራሱ የሚስል ወይም በእጁ የሆነ ነገር የሚሠራ ሰው ምረጡ። ጥያቄውንም እናንተ ወስኑ። «እንዴት ነው?» አትበሉ። «የወንበሩ እግር መሬት የነካ ይመስላል?» በሉ። መልሱ የሚጠቅም ይሆናል፣ አይወጋም። ሲያሳዩ «ይቅርታ፣ እንዲሁ ነው የሞነጫጨርኩት» ማለት የለመዳችሁ ከሆነ ተዉት። ደብተሩን ስጡና ዝም በሉ።

10. ወደ ሰው ማለፍ

አብዛኛው ሰው የሚመኘው ፊት መሳል ነው፤ ቶሎ ብለው የሚወድቁትም እዚያ ነው። ከሁለት ወር በፊት አትግቡበት። ስትገቡ አንድ ልክ ያዙ፦ ዓይን የሚቀመጠው ከራስ አናት እስከ አገጭ ካለው ርዝመት መሃል አካባቢ ነው። ሁላችንም ወደ ላይ እናወጣዋለን፣ ምክንያቱም ስለ ግንባርና ፀጉር የሚያስብ የለም። መስታወት ፊት ቆማችሁ በእርሳስ ለኩት፤ ትገረማላችሁ።

ከፊት በፊት ግን የሰው አኳኋን ሳሉ። የሚያወራ፣ የሚጠብቅ፣ ቦርሳ የተሸከመ ሰው። ለአንዱ 30 ሰከንድ ብቻ። ጣት የለም፣ ዓይን የለም። ከራስ እስከ እግር የሚወርደውን አንድ ጎባጣ መስመር፣ የትከሻውን ዘንበል ማለት፣ ክብደቱ የቱ እግር ላይ እንዳረፈ። 30 ሰከንድ ለማፈር አይበቃም። በአንድ ገጽ አሥር ይገባል።

11. ሲቋረጥ

ይቋረጣል። ሕመም አለ፣ ሥራ አለ፣ ልጅ አለ። ሁለት ሳምንት ካመለጣችሁ የጎደለውን ለመሙላት አትሞክሩ። እጁ ስለሚደነድን የመጀመሪያው ሥዕል ከተዋችሁት ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላል። ስለዚህ ወደ ቁጥር 4 ተመለሱ፤ ወረቀቱን ሳታዩ አንድ እጅ ሳሉ። ሦስት ቀን እሱን ብቻ። በአራተኛው ቀን ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ።

ደብተሩ ሲያልቅ የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች ባዶ ተዉ። መጀመሪያ የሳላችሁትን ያንኑ ኩባያ በዚያው ብርሃን፣ በዚያው ቦታ አስቀምጡና የድሮውን ሳትገልጡ እንደገና ሳሉት። ከጨረሳችሁ በኋላ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አፉን፣ መቀመጫውንና ጆሮውን አንድ በአንድ እዩ። የተለወጠውን ከሥሩ ጻፉ። ገና ያልተለወጠውን በሁለተኛው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።